የተሳሳተ ካርታ በክፍል ውስጥ፦ ማኅበራዊ ሳይንስን ለ7ኛና 8ኛ ክፍል በሙግት ስለ ማስተማር

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ «ተማሪ ተኮር» እና «አሳታፊ» የሚሉት ቃላት ከመምህራን አፍ ጠፍተው አያውቁም። በክፍል ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ወንበሮች ይዞራሉ፣ ጎበዙ ተማሪ መልሱን ከመጽሐፉ ፈልጎ ይጽፋል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ከወረቀቱ ግርጌ ያሰፍራሉ፣ ተወካዩ ያነባል፣ ይጨበጨባል። ያሰበው አንድ ልጅ ነው፤ እሱም ያሰበው መልሱ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ነው። የክፍል ውስጥ ተግባር ልጆችን የሚይዘው ፍርድ እንዲሰጡ ሲያስገድዳቸው እንደሆነ በዚህ ጽሑፍ እከራከራለሁ። በመጽሐፉ ተጽፎ ያለቀ መልስ ስድስት ሰው ቢሰለፍለትም የአንድ ሰው ሥራ ነው።

አንድ ተማሪ አምስት ጓደኞቹን የሚመራበት፣ አንድ ለአምስት የተባለው አደረጃጀት የሚከሽፍበት አንዱ ምክንያት በስድስቱም ልጆች እጅ ያው አንድ ገጽ መኖሩ ይመስለኛል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ኤሊየት አሮንሰን በ1971 እ.ኤ.አ. በኦስቲን ቴክሳስ፣ በቆዳ ቀለም ተለያይተው ይማሩ የነበሩ ልጆች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ሲቃቃሩ የተጠቀመበት «ጂግሶው» የተባለ ዘዴ ይህን ችግር ከሥሩ ይነካዋል። ትምህርቱ ይቆራረጣል፤ እያንዳንዱ ልጅ አንዱን ቁራጭ ብቻ ይይዛል፤ ተመሳሳይ ቁራጭ የደረሳቸው ከየቡድኑ ወጥተው አብረው ያጠኑና ወደ ቡድናቸው ተመልሰው ያስተምራሉ። ዝምተኛው ልጅ ካልተናገረ ጎበዙም ሥራውን መጨረስ አይችልም። እኛ ስድስት ልጅ ማሰባሰቡን ለምደነዋል፤ የቀረን ስድስት የተለያየ ወረቀት ማደል ነው።

ለዚህ ከዓድዋ ጦርነት የተሻለ ርዕስ አላውቅም፤ ምክንያቱም ልጆቹ የሚያውቁት ይመስላቸዋል። የካቲት 23 ቀን 1888 የሚለውን ቀን ያልሸመደደ የ8ኛ ክፍል ተማሪ አይገኝም። «ለምን አሸነፍን?» ተብለው ሲጠየቁ ግን መልሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ጀግንነት። ጀግንነቱ እውነት ቢሆንም አንድ ክፍለ ጊዜ የሚሞላ ጥያቄ አያወጣም። እንግዲህ ለስድስቱ ልጆች ስድስት ማስረጃ እንስጣቸው። የመጀመሪያው የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ለብርጌድ አዛዦቹ ያደለው ንድፍ ካርታ ነው። በዚህ ካርታ ላይ «ኪዳነ ምሕረት» የሚል ስም የተሰጠው ኮረብታ እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት አልነበረም፤ እውነተኛው ከዚያ በርካታ ኪሎ ሜትር ወደ ፊት፣ ወደ ኢትዮጵያ ጦር ሰፈር ቀርቦ ይገኛል። የግራውን ብርጌድ የመራው አልቤርቶኔ ካርታው ካመለከተው ቦታ ደርሶ ቆመ፤ መንገድ መሪዎቹ «ኪዳነ ምሕረት ገና ነው» ሲሉት ግን ገፋ፣ ከሌሎቹ ብርጌዶች ተነጠለ፣ ቀድሞም ተመታ። ሁለተኛው ልጅ የአካባቢውን ትክክለኛ ካርታ ይይዛል። መምህሩ ሁለቱንም በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ በእጁ ቢሥላቸው ይበቃል።

ሦስተኛው ወረቀት የቁጥር ነው፦ በጣሊያን በኩል ወደ 17,700 ሰውና 56 መድፍ፣ በኢትዮጵያ በኩል ወደ 100,000 የሚገመት ሠራዊት፣ አብዛኛው ጠመንጃ የታጠቀ፣ መድፍም ያለው። አራተኛው የስንቅ ነው። የሁለቱም ወገን ስንቅ እያለቀ ስለ ነበር አፄ ምኒልክ ሰፈሩን ለመልቀቅ ተቃርበው ነበር፤ ባራቲየሪም ወደ ኋላ ማፈግፈግን አስቦ ነበር። አምስተኛው የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ከውጊያው አምስት ቀን በፊት ለባራቲየሪ የላከው፣ በመዘግየቱ የሚነቅፈው ቴሌግራም ነው። ስድስተኛው ለጣሊያኖች ሰላይ መስሎ ወሬያቸውን ለኢትዮጵያ ያመጣ ስለ ነበረው ባሻይ አውዓሎም የሚናገር አጭር ጽሑፍ ነው።

ካርታውን የያዘው ልጅ ብቻውን ቢጠየቅ «ያሸነፍነው እነሱ ስለ ተሳሳቱ ነው» ይላል። ይህ አደገኛ መልስ ነው፤ በሳቅም በቁጣም መታለፍ የለበትም። የቁጥሩን ወረቀት የያዘችው «አንድ ብርጌድ ባይነጠልስ፣ አምስት እጥፍ የሚበልጥ ጦር መች ይመለስ ነበር?» ትለዋለች። የስንቁ ልጅ «ሦስት አራት ቀን ቢቆዩ ኖሮ ውጊያው ላይኖር ይችል ነበር» ሲል ሁለቱም ዝም ይላሉ። ቡድኑ በመጨረሻ ሦስት ምክንያቶችን በክብደታቸው ቅደም ተከተል ጽፎ፣ ለምን አንዱን ከሌላው እንዳስበለጠ ማስረዳት አለበት። ቡድኖቹ ሳይስማሙ ቢወጡ ትምህርቱ ሠምሯል ማለት ነው።

ስድስቱም ወረቀቶች ላይ ማን እንደ ጻፈው፣ መቼና ለማን እንደ ጻፈው በአንድ መስመር ይስፈር። የትምህርት ሥነ ልቦና ምሁሩ ሳም ዋይንበርግ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የታሪክ ምሁራንንና ጎበዝ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ተመሳሳይ ሰነዶች አስነብቦ ነበር። ምሁራኑ መጀመሪያ የጸሐፊውን ማንነት ፈለጉ፤ ተማሪዎቹ በቀጥታ ወደ ይዘቱ ገቡ። የቴሌግራሙ ጸሐፊ ሮም የተቀመጠ፣ ድል የጠማው ፖለቲከኛ መሆኑን ያላየ ልጅ ከቴሌግራሙ ብዙ አያገኝም።

በማግሥቱ ክፍሉ ወደ ችሎት ይለወጣል። ባራቲየሪ በሰኔ 1896 እ.ኤ.አ. አሥመራ ላይ በጦር ፍርድ ቤት ቀርቧል፤ ፍርድ ቤቱ ከወንጀል ነፃ ቢያወጣውም ለዚያ ኃላፊነት የማይበቃ ሰው መሾሙ እንዳሳዘነው ገልጿል። ልጆቹ ይህን ፍርድ ሳያውቁ ይሟገቱ። የክርክሩን ሥርዓት ከውጭ ፊልም መኮረጅ አያስፈልግም፤ በላ ልበልሃ አለን። በድሮው ሙግት ተሟጋቹ የተናገረው እውነት ስለ መሆኑ በማር፣ በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረድ ነበር፤ ዋስ ይጠራል፣ ምስክር ይቆጠራል። በክፍል ውስጥ ማሩ ነጥብ ይሁን። እያንዳንዱ ቡድን 10 ነጥብ ይዞ ይጀምር፤ «ክሪስፒ ባይገፋው ኖሮ አይዋጋም ነበር» የሚል ተሟጋች በዚያ ቃል ላይ ስንት ነጥብ እንደሚወራረድ ይናገር፤ ማስረጃ ካጣ ነጥቡ ለባላጋራው ይሂድ። ይህች ትንሽ ደንብ ልጆችን «በእርግጠኝነት አውቃለሁ» እና «ይመስለኛል» የሚሉትን እንዲለዩ ታደርጋለች፤ ሁለት ነጥብ ብቻ የተወራረደ ልጅ ምን ያህል እንደሚጠራጠር ራሱ ነግሮናል።

በጂኦግራፊው በኩል የማስቀድመው የዓባይን ድርድር ነው። መነሻው የሒሳብ ጥያቄ ይሁን። በ1959 እ.ኤ.አ. ግብጽና ሱዳን ሲዋዋሉ የወንዙን ዓመታዊ ፍሰት 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ቆጥረው፣ 55.5ቱን ለግብጽ፣ 18.5ቱን ለሱዳን መደቡ፤ 10 ቢሊዮኑ በአስዋን ሐይቅ ለሚተነው ተተወ። ልጆቹ ደምረው ቀሪውን ያግኙ። ቀሪው ዜሮ ነው። ለወንዙ ከአምስት እጅ አራቱን የሚበልጥ ውኃ የምታወጣው ኢትዮጵያ በስሌቱ አለመኖሯን መምህሩ ሳይናገር ልጆቹ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ያዩታል። ቁጣው ይመጣል፤ ይምጣ።

ከዚያ በኋላ ግን ዕጣ ይጣልና ከክፍሉ አንድ ሦስተኛው ግብጽ፣ አንድ ሦስተኛው ሱዳን ይሁን። በዚህ ላይ ከመምህራን ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ «ልጆቻችንን የባዕድ ጠበቃ ልናደርግ ነው?» የሚል። መልሴ ባላጋራው ምን እንደሚፈራ የማያውቅ ተደራዳሪ ለአገሩም አይበጅም የሚል ነው። ግብጽን የወከለው ቡድን አገሪቱ ዝናብ እጅግ ጥቂት እንደሚጥልባትና ሕዝቧ በሞላ ጎደል በአንድ ወንዝ እንደሚኖር ካርታ ላይ ያገኛል፤ ሱዳንን የወከለው የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጎርፍን እንደሚቀንስለት፣ ነገር ግን የውኃ አለቃቀቁን መረጃ በወቅቱ እንደሚፈልግ ይረዳል። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ የተጣለውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ እንዲይዝ የተሠራ ነው። የድርድሩ ጥያቄ ጠባብ ይሁን፦ ዝናብ በተከታታይ ሦስት ዓመት ቢቀር ከዚህ ውኃ ስንት ይለቀቅ? ስለ ሉዓላዊነት ንግግር ማድረግ ይቀላል፤ ቁጥር መጻፍ ግን ልጆቹን ዝም ያሰኛቸዋል።

የሽማግሌዎች ቃለ መጠይቅ ደግሞ ብዙ ወጪ የሌለው ሌላ ተግባር ነው፤ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው የየካቲት 1967 አዋጅ ጥሩ ርዕስ ይሆነዋል። አንዱ ልጅ መሬት ያገኘ አያቱን፣ ሌላው መሬት የተወሰደባትን አያቱን ጠይቆ ሲመጣ ሁለት እውነት በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ። እዚህ ግን ጥንቃቄ ያሻል። በቅርብ ዓመታት ጦርነት ቤተሰቡ የተፈናቀለ ልጅ ባለበት ክፍል ስለዚያ ጦርነት ሚና አስይዞ ማጫወት አይገባም፤ ቁስሉ ያልደረቀ ነገር የክፍል ሥራ አይሆንም። መምህሩ ሰፈሩን ማወቅ አለበት።

ከ50 ተማሪ በላይ በሚቀመጥበት ክፍል፣ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይህ ሁሉ እንዴት ይሆናል? ሁልጊዜ አይሆንም። በአንድ መንፈቅ ሁለት ጊዜ ተጠንቶ ቢሠራ በየሳምንቱ ከሚዞረው ወንበር ይበልጣል። ከክፍሉ ጥበት የሚብሰው መሰናክል የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ነው። ፈተናው «የዓድዋ ጦርነት የተካሄደው መቼ ነው?» ብሎ እስከ ጠየቀ ድረስ ወላጁም ተማሪውም ሙግቱን እንደ ጊዜ ማባከን ያዩታል፤ አይፈረድባቸውም። ሆኖም የምርጫ ጥያቄ ራሱ ለዚህ አይከፋም። ሁለት አጫጭር ጽሑፎች፣ አንዱ ከውጊያው በፊት ከሮም የተላከ፣ ሌላው ከውጊያው በኋላ በስፍራው ከነበረ ሰው የተጻፈ፣ ቀርበው «የጣሊያን ጦር ለምን እንደ ተነጠለ ለማወቅ የበለጠ የሚጠቅመው የትኛው ነው? በምን ምክንያት?» ተብሎ ከሀ እስከ መ ያሉ አራት ምክንያቶች ሊደረደሩ ይችላሉ። ማረሚያው ማሽን ይህን ከቀን ጥያቄ አይለየውም። ከፈተናው ጥያቄዎች አምስቱ እንኳ እንዲህ ቢሆኑ፣ በሚቀጥለው መስከረም ስድስቱን ወረቀት የሚያባዛ መምህር ርእሰ መምህሩን ማስፈቀድ አያስቸግረውም።