ከሌዘር ትርዒት እስከ ቢቸናና ሞጣ መማሪያ ክፍሎች፤ የብርሃን መሣሪያዎች እድሳት ታሪክ

የቴክኒክ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ፈልሳፊዎች ነው። መሣሪያው ካረጀ፣ ፋብሪካው ሥራውን ካቆመና መለዋወጫው ከገበያ ከጠፋ በኋላ ስለሚሆነው ነገር የሚጻፈው ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያን ከውጭ ለምታስገባ አገር ይህ ሁለተኛው ታሪክ ከመጀመሪያው ያላነሰ ጥቅም አለው። ስለዚህም የሁለት የብርሃን መሣሪያዎችን ታሪክ ጎን ለጎን ማየት ተገቢ ይሆናል። አንደኛው በሩቅ አገር ለመዝናኛ የተሠራው የሌዘር ትርዒት ማሳያ ሲሆን፣ ሁለተኛው በምሥራቅ ጎጃም ወደ ቢቸናና ሞጣ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ነው። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ብርሃናቸው ከጋዝ መፍለቁ ብቻ ሳይሆን፣ የሚበላሹበትም ምክንያት ተቀራራቢ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያውን ሌዘር ቴዎዶር ሜይማን እ.ኤ.አ. በ1960 በሩቢ ድንጋይ አማካይነት አስገኘ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዊልያም ብሪጅስ በአርጎን አዮን የሚሠራውን የጋዝ ሌዘር ፈለሰፈ፤ ክሪፕቶንም ወዲያው ተከተለ። ክሪፕቶን ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ጨረር በአንድነት ስለሚሰጥ ለትርዒት እጅግ ተስማሚ ሆነ። አይቫን ድራየር የተባለ የፊልም ሠራተኛ በ1970 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ተመራማሪዋ ኤልሳ ጋርማየር ያሳየችውን የሌዘር ብርሃን ተመልክቶ ተማረከ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 1973 በሎስ አንጀለስ ግሪፊዝ የጠፈር መመልከቻ «ሌዘሪየም» የተባለውን ትርዒት ከፈተ።

የመሣሪያው አሠራር በሐሳብ ደረጃ ቀላል ነው። ጨረሩ በፕሪዝም ወደ ቀለማቱ ይከፈላል፤ ከዚያም በሁለት ጥቃቅን መስተዋቶች ላይ ያርፋል። አንደኛው መስተዋት ወደ ጎን፣ ሌላው ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል። እያንዳንዱን መስተዋት የሚያንቀሳቅሰው ጋልቫኖሜትር ነው። በጣራው ላይ የሚታየው ሥዕል በእርግጥ አንዲት ነጥብ ብቻ ናት፤ ነገር ግን ፍጥነቷ ዓይንን ስለሚያታልል መስመር ሆና ትታያለች። አስቸጋሪው ክፍል የኃይል አቅርቦቱ ነበር። የአዮን ሌዘር ከሚበላው ኃይል ወደ ብርሃን የሚለውጠው ከ1,000 አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ 1 ዋት ብርሃን ለማግኘት በብዙ ኪሎ ዋት የሚቆጠር ኃይል ያስፈልግ ነበር፤ ጋዙን ለመለኮስም በሺሕ የሚቆጠር ቮልት ይጠየቅ ነበር።

እነዚህ መሣሪያዎች ሲያረጁ አዳሾች የሚከተሉት ሥርዓት ለማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ አስተማሪ ነው። ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ የቆየ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ከሙሉ ቮልቴጅ ጋር አይገናኝም። በኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ውስጥ ያለው ፈሳሽ ስለሚደርቅና የመከላከያው ሥሥ ሽፋን ስለሚሳሳ፣ ድንገተኛ ኃይል ካፓሲተሩን ሊያፈነዳው ይችላል። በመሆኑም ቮልቴጁ በቫሪያክ ቀስ በቀስ ከፍ እየተደረገ ኩረንቱ ይለካል። የኃይል አቅርቦቱም ውድ ከሆነው የሌዘር ቱቦ ተለይቶ በቅድሚያ በሬዚስተር ላይ ይፈተናል። ቀጥሎ የመስተዋቶቹ መቆጣጠሪያ ይስተካከላል፤ ክብ ሲሳል ሞላላ ከሆነ ወይም የአራት ማዕዘን ጠርዝ ከተንቀጠቀጠ፣ ጉድለቱ ከመስተዋቱ አቀማመጥ መልስ ከሚሰጠው ዑደት ሊሆን ይችላል።

ቱቦው ፈጽሞ ከሞተ በምትኩ ዘመናዊ የሴሚኮንዳክተር ሌዘር ይገባል። በዚህ ጊዜ የቀለሙ ዓይነት በመጠኑ ይለወጣል፤ የሥዕሉ እንቅስቃሴ ግን እንደ ቀድሞው ይቆያል፤ ምክንያቱም እንቅስቃሴው ያለው በመቆጣጠሪያው ኤሌክትሮኒክስ ውስጥ ነው። ይህ ሁሉ የሚቻለው ንድፉ ካለና ዑደቱን የሚያነብ ሰው ከተገኘ ብቻ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ 1964 እ.ኤ.አ. ልዩ ዓመት ሆኖ ይገኛል። የአርጎን ሌዘር በተፈለሰፈበት በዚሁ ዓመት በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘር፣ ጂን ስሎቶውና ሮበርት ዊልሰን የፕላዝማ ማሳያን ሠሩ። ዓላማቸውም ፕሌቶ ለተባለው በኮምፒዩተር የማስተማር ሥርዓት ማሳያ ማግኘት ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም ሥራውን የጀመረው በዚያው ዓመት፣ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ለትምህርት የተወለደው ፕላዝማ አርባ ዓመት ቆይቶ በ1997 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ ከቢቸናና ከሞጣ የመማሪያ ክፍሎችም ደረሰ።

ሁለቱ ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብለው ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የፕላዝማው ሁለት መስተዋቶች በመካከላቸው ኒዮንና ዜኖን ጋዝ ይዘው የሚጣበቁት በውጭው አየር ግፊት ጭምር ስለሆነ፣ ግፊቱ ሲቀንስ መስተዋቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ የማጉረምረም ድምፅም ይሰማል። ሥሥ አየር ሙቀትን የማብረድና ከፍተኛ ቮልቴጅን የመከላከል ኃይሉም አነስተኛ ነው። የመብራት መቆራረጥ ሲታከልበት፣ በቅድሚያ የሚጎዳው እንደ ሌዘሩ ሁሉ የኃይል አቅርቦቱ ነው።

ታላላቆቹ አምራቾች በ2014 እ.ኤ.አ. ገደማ ፕላዝማ መሥራታቸውን አቆሙ። የተሰበረ መስተዋት አይጠገንም፤ ነገር ግን «ተበላሽቷል» ተብሎ የተጣለ መሣሪያ ሁሉ መስተዋቱ የተሰበረ አይደለም። የአንድ ካፓሲተር ዋጋ ያህል ወጪ የሚያድነው ሊኖር ይችላል። እርግጥ በውስጡ ወደ 200 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ስለሚሠራና ካፓሲተሮቹ ከተነቀሉ በኋላም ኃይል ስለሚይዙ፣ ሥራው የሠለጠነ እጅን ይጠይቃል። ዳግም ማያ ሊሆን የማይችለውም ቢሆን ለቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ጥሩ የመማሪያ መሣሪያ ይሆናል።

የሌዘር ትርዒት መሣሪያዎችን ከሞት ያተረፋቸው የገንዘብ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ንድፋቸውን ያላስጣሉ ሰዎች መኖራቸው ነው። መሣሪያ ሲገዛ ንድፉና የጥገና መጽሐፉ አብረው እንዲገዙ፣ ርክክብ ሲፈጸምም ከዕቃው ጋር እንዲቆጠሩ ማድረግ የመሐንዲሱ ኃላፊነት ነው። ንድፍ የሌለው መሣሪያ ገና ከሣጥኑ ሳይወጣ ግማሽ ዕድሜውን አጥቷል።