«አጥብቆ» እና «በጥብቅ»፦ ከመንዝ ጓሳ ታሪክ

ገመድ ፈታዩ ቋጠሮውን ስቦ ሲያከር «አጥብቆ አሰረ» ይባላል። ዳኛው ነገሩን እስከ ሥሩ ሲመረምርም «አጥብቆ ጠየቀ» ይባላል፤ ተረቱም «አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል» ሲል ጥብቅነት ዋጋ እንደሚያስከፍል ያስጠነቅቃል። «ይጠብቃል» በሚለው ቃል ውስጥ «ብ» ላልታ ስትነገር ነገሩ ስለ ቋጠሮ፣ ጠብቃ ስትነገር ስለ ዘበኛ ነው።

«አጥብቆ» ባለቤቱን አይደብቅም። አጥብቄ፣ አጥብቀሽ፣ አጥብቀን፣ አጥብቀው እየተባለ በመደብ ይረባል። በጽሕፈት ቤቶች ማስታወቂያ የሚዘወተረው «በጥብቅ» ግን ባለቤት የለውም፤ «በጥብቅ የተከለከለ ነው» ሲባል ከልካዩም ጠባቂውም ማን እንደሆነ ቃሉ አይናገርም።

የዚህን ልዩነት ክብደት የመንዝ ጓሳ ታሪክ ይመሰክራል። ደጋው ስሙን ያገኘበት የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ይፈለጋል። በ17ኛው ምዕተ ዓመት እንደተጀመረ በሚነገርለት ሥርዓት መሠረት የጌራና የአስቦ ባላገሮች አለቃ እየመረጡ ሣሩን ለዓመታት ይዘጉት ነበር። ሲደርስ በበጋው ወራት የመክፈቻው ቀን ይታወጃል፤ ከአጨዳው በኋላ እንደገና ይዘጋል። ዘብ የሚቆመውም ተጠቃሚው ራሱ ነበር። በእውነት አጥብቀው ጠበቁት።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱን ያለ ነቀፋ ማወደስ አይገባም። የማጨድ መብቱ ከአቅኚ አባቶች የሚወለዱ ባለርስቶች እንጂ የሁሉም አልነበረም፤ ቅጣቱም ብርቱ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን አድልዎ ሻረ። ነገር ግን በርስት ላይ የቆመው የጥበቃ ውልም አብሮ ፈረሰ። መሬቱ የሕዝብ ሆነ፤ «አጥብቀን እንጠብቅ» የሚለው አካል ግን ተበተነ፤ ሣሩም ተመናመነ። ኋላ ገበሬዎቹ ኮሚቴ አቋቁመው ጥበቃውን በራሳቸው መተዳደሪያ ደንብ መለሱ። ዛሬ ጓሳ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው።

እንግዲህ አዋጅ አድልዎን ሊሽር ይችላል፤ ጠባቂን ግን በቃል ብቻ ሊፈጥር አይችልም። መመሪያ የሚያረቅ ሁሉ «በጥብቅ» ብሎ ከመጻፉ አስቀድሞ፣ አጥብቆ የሚይዘው ማን እንደሆነ አጥብቆ ይጠይቅ።