ከፓሪስ በርሜል እስከ ባለጎማው ማጠራቀሚያ

«ፑቤል» በፈረንሳይኛ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ማለት ነው፤ ቃሉ ግን በመሠረቱ የሰው ስም ነው። ኧዤን ፑቤል የተባለው የሕግ መምህር በአስተዳደር ሥራ ከፍ እያለ ሄዶ የሴን አገረ ገዥ፣ ማለትም የፓሪስ የበላይ አስተዳዳሪ በሆነ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1883 አንድ ትእዛዝ ፈረመ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በትእዛዙ መሠረት የየሕንፃው ባለቤት ለተከራዮቹ ክዳን ያለውና ከ40 እስከ 120 ሊትር የሚይዝ ዕቃ እንዲያቀርብ ተገደደ። እስከዚያ ድረስ የፓሪስ ሰው የቤቱን ጥራጊ በመንገድ ዳር ይደፋው ነበር፤ የማዘጋጃ ቤቱ ጋሪ ጧት መጥቶ እስኪጠርገው ድረስም ክምሩ ለውሻ፣ ለአይጥና ለዝናብ የተተወ ነበር። ትእዛዙ ጃንዋሪ 15 ቀን 1884 በሥራ ላይ ሲውል ጋዜጦች ዕቃውን «የፑቤል ሣጥን» እያሉ አፌዙበት። ፌዙ ሳይውል ሳያድር ስም ሆነ፤ ስሙም መዝገበ ቃላት ገባ።

ብዙ ሰው የማያስታውሰው የትእዛዙ ሌላ ክፍል አለ። አገረ ገዥው የጠየቀው አንድ ዕቃ ብቻ አልነበረም። የሚበሰብሰው ጥራጊ ለብቻ፣ ወረቀትና ጨርቅ ለብቻ፣ የተሰበረ ብርጭቆ፣ ሸክላና የኦይስተር ቅርፊትም ለብቻ እንዲቀመጥ አዝዞ ነበር። ዛሬ በአውሮፓ ከተሞች በየበሩ ተደርድረው የሚታዩት ባለቀለም ማጠራቀሚያዎች አሳብ፣ መኪና በመንገድ ላይ ከመታየቱ በፊት በጽሑፍ ሰፍሮ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ከትእዛዙ የጸናው ዕቃው እንጂ መለየቱ አልነበረም። የፓሪስ ሰው ሦስቱን ዓይነት በአንድ በርሜል ደባልቆ አወጣ፤ ጋሪውም ደባልቆ ወሰደ። መለየቱ ለምን እንደ ከሸፈ ለመረዳት ከትእዛዙ በፊት ቆሻሻውን ይለይ የነበረው ማን እንደ ሆነ ማየት ያስፈልጋል።

በዚያ ዘመን በፓሪስና በዙሪያዋ በቆሻሻ ለቀማ የሚተዳደሩ በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። ፈረንሳዮች «ሺፎንዬ» ይሏቸዋል፤ ጨርቅ ለቃሚ ማለት ነው። በጀርባቸው ቅርጫት አዝለው፣ በአንድ እጃቸው ፋኖስ፣ በሌላው መንጠቆ ይዘው በሌሊት ክምሩን ይፈትሹ ነበር። ጨርቁ ለወረቀት ፋብሪካ ይሸጣል፤ ወረቀት ከእንጨት ጭቃ መሠራት ከመስፋፋቱ በፊት ዋናው ጥሬ ዕቃ አሮጌ ጨርቅ ነበርና። አጥንቱ ለቁልፍና ለሙጫ ይውላል፤ ተቃጥሎ ከሰል ሲሆንም ስኳር ይጣራበታል። ቆርቆሮውም፣ ጠርሙሱም፣ ፀጉሩ ሳይቀር ገዢ ነበረው። በአጭሩ አንድ ሙሉ የመልሶ መጠቀም ኢንዱስትሪ በመንጠቆና በቅርጫት ይካሄድ ነበር፤ ለማዘጋጃ ቤቱም ቤሳ አያስወጣውም ነበር።

ክዳን ያለው ሣጥን በዚህ ሥራ ላይ በድንገት መጣበት። ጥራጊው ከደጅ የሚወጣው ጋሪው ሊደርስ ሲል በመሆኑ ለቃሚው የሚፈትሽበት ሌሊት ጠፋ። ጩኸቱ ብርቱ ሆነ፤ ጋዜጦች ጎራ ለይተው ተከራከሩ፤ የሕንፃ ባለቤቶችም የዕቃው ወጪ ስላንገበገባቸው ከድኾቹ ጋር ሳይፋቀሩ ተባበሩ። አስተዳደሩም ጥቂት ላላ ብሎ ጋሪው እስኪመጣ ድረስ ለቃሚዎቹ በርሜሉን እንዲበረብሩ ዝም አለ። ሆኖም የሙያው ጀርባ ተሰብሮ ነበር፤ የእንጨት ወረቀት የጨርቅን ዋጋ እያወረደው ስለ ነበር በሁለት ወገን ተመታ። ፑቤል ለጤና ያደረገው ክርክር ትክክል መሆኑ አያጠራጥርም፤ የኮሌራ ወሬ ገና ከሰው ጆሮ ባልጠፋበት ከተማ ክዳን ትልቅ ነገር ነው። ስሕተቱ ሌላ ቦታ ነው። መለየትን የሚያውቀውን ሰው ገፍቶ፣ መለየትን ለማያውቀው ተከራይ አዘዘ። የተለየውን ለየብቻ የሚወስድ ጋሪም፣ የሚቀበል ሥፍራም አላዘጋጀም።

አንባቢ እዚህ ላይ የአዲስ አበባውን ቆራሌው ማስታወሱ አይቀርም። «ቆርቆሮ ያለው» የሚለው ጥሪ በመንደሩ ውስጥ ሲደጋገም አጥሮ የሥራው ስም የሆነው፣ ከፑቤል ስም ባላነሰ ሁኔታ ነው። ልዩነቱ ሺፎንዬው ከክምር ሲለቅም ቆራሌው ከእመቤቲቱ እጅ ገዝቶ መሄዱ ነው። ጠርሙሱ፣ ጀሪካኑና አሮጌው ብረት ከሌላው ጥራጊ ጋር ሳይደባለቅ ከቤት ወጥቶ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል።

ወደ እንግሊዝ ስንሻገር የበርሜሉ ታሪክ የሚጀምረው ከዐመድ ነው። እንግሊዞች ቆሻሻ ሰብሳቢውን «ደስትማን»፣ ማለትም የትቢያ ሰው የሚሉት፣ የሚሸከመው በአብዛኛው የድንጋይ ከሰል ዐመድ ስለ ነበር ነው። ለንደን ስትስፋፋ ዐመዱ ለጡብ ሥራ ይፈለግ ስለ ነበር ኮንትራክተሮች ገንዘብ ከፍለው የሚወስዱበት ጊዜም ነበር። በ1875 የወጣው የሕዝብ ጤና አዋጅ የቤት ቆሻሻን ማንሣት የአካባቢ አስተዳደር ጉዳይ እንዲሆን መንገድ ከፈተ። ዕቃውም ዚንክ የተለበጠ የብረት በርሜል ሆነ፤ ትኩስ ዐመድ የሚችል ሌላ ርካሽ ነገር አልነበረምና። ሠራተኛው በጓሮ በር ገብቶ በርሜሉን በትከሻው ተሸክሞ ወደ መኪናው ይገለብጥና ባዶውን ይመልሳል። ይህ በቀን ብዙ መቶ ጊዜ የሚደረግ ሥራ ነበር።

በታኅሣሥ 1952 ለንደንን ያፈነው ጭስ በ1956 የንጹሕ አየር አዋጅን አስከተለ። ቤቶች ከከሰል ወደ ጋዝና ኤሌክትሪክ ሲዞሩ ዐመዱ ከበርሜሉ ጠፋ፤ በምትኩ ወረቀት፣ ካርቶንና ፕላስቲክ ሞላው። ቆሻሻው ክብደቱ ቀነሰ፣ መጠኑ ግን ገዘፈ። ለመሐንዲስ ዓይን ትልቁ ለውጥ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ትኩስ ዐመድ ከሌለ በርሜሉ ብረት መሆኑ ግድ አይደለም።

ሸክሙ ምን ማለት እንደ ነበር ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው ግን የአሜሪካዋ የሜምፊስ ከተማ ነው። ጥቁሮቹ የጽዳት ሠራተኞች በየጓሮው እየገቡ ጥራጊውን በገንዳ ገልብጠው በራሳቸውና በትከሻቸው ይሸከሙ ነበር፤ የተበሳው ገንዳ ፈሳሹን በልብሳቸው ላይ ያንጠባጥብባቸዋል። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1968 ኤኮል ኮልና ሮበርት ዎከር የተባሉ ሁለት ሠራተኞች ዝናብ ሲጥል በመኪናው የኋላ ክፍል እንደ ተጠለሉ መጭመቂያው በድንገት ተነሥቶ ገደላቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ 1,300 ያህል ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ በአንገታቸው ያንጠለጠሉት ጽሑፍም «እኔ ሰው ነኝ» የሚል ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ እነርሱን ለመደገፍ በሄዱበት ከተማ አፕሪል 4 ቀን ተገደሉ። ስምምነቱ የተፈረመው ከሞታቸው በኋላ ነው።

በዚያው በ1968 በእንግሊዝ አገር በስላው ከተማ ፍራንክ ሮዘራም ሞልዲንግስ የተባለ የፕላስቲክ ፋብሪካ ለራሱ ግቢ የሚሆን ባለጎማ ማጠራቀሚያ ሠራ። እንደሚነገረው አሳቡ ውዳቂውን ከአንዱ የፋብሪካ ክፍል ወደ ሌላው ለመግፋት ብቻ ነበር፤ ለቤት ቆሻሻም ይበጃል ያለው ለቁጥጥር የመጣ የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪ ነው ይባላል። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መዋላቸው አጋጣሚ እንጂ ሌላ አይደለም፤ ነገር ግን የሜምፊሱ ጥያቄ የሠራተኛ ትከሻ ከሆነ፣ የስላው ዕቃ ትከሻውን ከመንገድ የሚያወጣ መልስ ነበር።

የዕቃው አሠራር ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም እያንዳንዱ ክፍል ምክንያት አለው። ሰውነቱ ፖሊኢቲሊን ነው፤ የቀለጠው ፕላስቲክ በከፍተኛ ግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ተገፍቶ ይሠራል። ከአፉ ሰፍቶ ከታች ስለሚጠብ፣ ሲገለበጥ ያለበት በቀላሉ ይወርዳል፤ ባዶ ሲሆንም አንዱ በሌላው ውስጥ ተሰክቶ ይጓጓዛል። ሁለቱ ጎማዎች ከኋላ ጠርዝ ላይ በአንድ ዘንግ የተያዙ ናቸው። እጀታው ወደ ኋላ ሲሳብ የክብደቱ ማዕከል ወደ ዘንጉ ስለሚጠጋ፣ ሸክሙን መሬት ይችላል፤ ክንድ የሚይዘው ጥቂቱን ነው። በፊት በኩል ያለው ወፍራም ከንፈር በመኪናው ማበጠሪያ መሰል ጥርስ ላይ ይያያዛል፤ የሃይድሮሊክ ክንድም አንሥቶ ይገለብጠዋል፤ ክዳኑ በራሱ ክብደት ይከፈታል። ይህ እንዲሆን ግን ከንፈሩና ጥርሱ ሊገጥሙ ይገባል። ስለዚህም የመጠን ደረጃ ማውጣት አስፈለገ፤ ጀርመኖች ቀደሙ፤ በኋላም የአውሮፓ ደረጃ ቁጥር 840 ተከተለ። ዛሬ የተለመዱት ባለ 120ና ባለ 240 ሊትር ዕቃዎች በማንም ፋብሪካ ቢሠሩ በማንኛውም መኪና ላይ የሚገጥሙት በዚህ ምክንያት ነው።

አሜሪካኖች ደግሞ ከመኪናው በኩል ጀመሩ። በአሪዞና የስኮትስዴል ከተማ በ1969 ሹፌሩ ከመቀመጫው ሳይወርድ በርሜሉን በብረት ክንድ አንሥቶ የሚገለብጥ መኪና አሠራች፤ ግዙፍነቱን አይተው «ጎድዚላ» ብለው ሰየሙት። ይህ ሁሉ መሻሻል ነው። ሆኖም ሥራው ጠፋ ማለት አይደለም፤ ከፊሉ ወደ ቤቱ ባለቤት ተዛወረ። በቀጠሮው ቀን በርሜሉን ገፍቶ እስከ መንገድ ጠርዝ ማድረስና መመለስ የእርሱ ግዴታ ሆነ። በ1980ዎቹ ዕቃው በእንግሊዝ ከተሞች ሲሰራጭ ብዙ ማጉረምረም የተሰማው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው።

የፑቤል ሦስት ዕቃዎች የተመለሱትም ዙሪያውን ሄደው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ቤተሰብ ወረቀቱን፣ ብረቱን፣ አጥንቱንና ለአሳማ የሚሆነውን ትራፊ ለይቶ ያወጣ ነበር፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ልማዱም ደከመ። በጃፓን የኑማዙ ከተማ ሕዝብ በ1975 የሚቃጠለውን፣ የሚቀበረውንና ጥሬ ዕቃ የሚሆነውን በየሠፈሩ መለየት ጀመረ፤ ያለ ባለጎማ በርሜል። በካናዳ የኪችነር ከተማ በ1981 በአንድ ሠፈር ሰማያዊ ክፍት ሣጥን ለሙከራ አደለች፤ በ1983 ለከተማው ሁሉ አዳረሰችው። ሰማያዊው ቀለም የተመረጠው በበረዶ ላይ እንዲታይና ፀሐይ ቶሎ እንዳያበላሸው ነው ይባላል። የሣጥኑ ክፍት መሆን ያልታሰበ ጥቅም ነበረው፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ሣጥን ያያል፤ ያላወጣም ይታወቃል። ሰብሳቢው ደግሞ በመኪናው ጎን ቆሞ ጋዜጣውንና ጠርሙሱን በየክፍሉ ስለሚጥል፣ ስሕተቱ እዚያው ተገኝቶ ከሣጥኑ ውስጥ ይተው ነበር። ጀርመን በ1991 ባወጣችው ደንብ የማሸጊያውን ወጪ በአምራቹ ላይ ጣለች፤ ቢጫው ማጠራቀሚያም በየበሩ ቆመ። እንግሊዝም በ2003 ባወጣችው ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች እስከ 2010 መጨረሻ ቢያንስ ሁለት ዓይነት ቁሳቁስ ከየቤቱ እንዲሰበስቡ አዘዘች።

ከዚያ ወዲህ ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ጋዜጣውም ጠርሙሱም ጣሳውም በአንድ ትልቅ ባለጎማ በርሜል ተደባልቆ እንዲወጣና በፋብሪካ እንዲለይ የሚያደርገው አሠራር በብዙ ከተሞች ነገሠ። ለሹፌሩ ምቹ ነው፤ ለወረቀቱ ግን አይደለም። መጭመቂያው ጠርሙሱን ይሰብራል፤ ስብርባሪው ወረቀቱ ውስጥ ይሰገሰጋል፤ ክዳኑ የተዘጋ በርሜልም ውስጡ የሕፃን ዳይፐር ይኑር የሥጋ ትራፊ ለማንም አይታይም። ይህ ድብልቅ ለዓመታት በመርከብ ወደ ቻይና ይጫን ነበር። ቻይና ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ ብዙውን ዓይነት ስትከለክል፣ በወረቀትም ውስጥ ከ0.5 በመቶ በላይ ባዕድ ነገር አልቀበልም ስትል፣ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ነዋሪው ለይቶ ያወጣውን መልሰው እስከ መቅበር ደረሱ። ፈረንሳይ ደግሞ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የሚበሰብሰው ጥራጊ ለብቻ እንዲወጣ በሕግ አዘዘች፤ ይኸውም የፑቤል ትእዛዝ በሥራ በዋለ በ140 ዓመቱ ነው።

የፓሪሱ ስሕተት በእኛ ዘመን በካይሮ ተደግሟል። «ዘባሊን» የሚባሉት ለቃሚዎች በየፎቁ ወጥተው ከቤት ደጅ ይሰበስቡ፣ ከሰበሰቡትም እስከ 80 በመቶ ይደርሳል የሚባለውን መልሰው ለጥቅም ያውሉ ነበር። በ2003 ሥራው ለአውሮፓ ኩባንያዎች በኮንትራት ሲሰጥ በመንገድ ላይ በርሜሎች ቆሙ፤ ውሉ የጠየቀው መልሶ መጠቀምም 20 በመቶ ነበር። ነዋሪው ከፎቅ ተሸክሞ መውረዱን አልወደደም፤ በርሜሎቹም ብዙዎቹ ተሰርቀው ጠፉ።

በአዲስ አበባ የቤት ለቤቱ ሥራ የተያዘው በማኅበር በተደራጁ ሰብሳቢዎች ነው፤ በማዳበሪያ ከረጢት የተሞላውን በእጅ ጋሪ ገፍተው እስከ ገንዳው ያደርሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ነው። ለባለ 240 ሊትሩ ዕቃ ጎማ የሚመቸው አስፋልት በዋናው መንገድ ላይ አለ፤ በኮብልስቶኑና በዳገቱ ቅያስ ግን መኪናው ራሱ አይገባም፤ ማንሻ ጥርስ የሌለው በርሜል ደግሞ ተራ በርሜል ነው። ከገንዳው በኋላ ያለው ጉዞ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሚያበቃው በቆሼ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች በቤታቸው ውስጥ እንዳሉ ተቀበሩ። በክምሩ ላይ ፕላስቲክና ብረት እየለቀሙ የሚተዳደሩ በዚያ ይኖሩ ነበር፤ የሚለቅሙትም ቆራሌው ከየቤቱ ያልገዛውን፣ ተደባልቆም በከረጢቱ የወጣውን ነው።