በሰንሰለት ላይ የተቀረጸ ቁጥር፦ የአንድ መለዋወጫ ታሪክ



የታሪክ ሰው ስለ ሞተር ሳይክል ሰንሰለት ምን ይናገራል ብላችሁ ብትጠይቁ አይገርመኝም። ዛሬ የምመረምረው ሰነድ ከመዝገብ ቤት የወጣ አይደለም፤ በሰንሰለት ጎን ላይ የተቀረጸ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ነው።

ነገሩ የጀመረው በራሴ ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት የሞተር ሳይክሌ ሰንሰለት ላላ። ገንዘብ ለመቆጠብ ብዬ ሰንሰለቱን ብቻ ለወጥሁ፤ የፊቱንና የኋላውን ስፕሮኬት፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርባቸውን ጥርሳም ክቦች፣ እንደ ነበሩ ተውኋቸው። አዲሱ ሰንሰለት ዓመት ሳይሞላው አለቀ። ምክንያቱን ስፈልግ 19ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ደረስሁ።

ኃይልን በሰንሰለት ማስተላለፍ ጥንታዊ ሐሳብ ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ንድፉን በማስታወሻው ሥሎታል። ዛሬ የምናውቀው ቅርጽ ግን በእንግሊዝ አገር፣ በማንችስተር አካባቢ የተወለደ ነው። የስዊዘርላንድ ተወላጁ ሃንስ ሬኖልድ እ.ኤ.አ. በ1879 በሳልፎርድ፣ ለጨርቃ ጨርቅ ማሽኖች ሰንሰለት የሚሠራውን የጄምስ ስሌተርን አነስተኛ ድርጅት ገዛ፤ በ1880 ደግሞ የተሻሻለውን ሰንሰለት በፈጠራ መብት አስመዘገበ። ቀድሞ ፒኑ የሚፋተገው ከስስ ብረት ጠርዝ ጋር ነበር። ሬኖልድ በመካከል ቡሺንግ አስገባ፤ ጫናውም በሰፊ ገጽ ላይ ተከፋፈለ። ሰንሰለቱ ወደ ብስክሌት ተሻገረ፤ ኋላም በሞተር ሳይክል ላይ፣ በዝናብ ይንሸራተት የነበረውን የቆዳ ቀበቶ ቀስ በቀስ ተካው።

የእኔ ስሕተትም መልሱ እዚህ ላይ ነው። ሰንሰለት «ተሳበ» እንላለን እንጂ ብረቱ አልተለጠጠም፤ ያለቁት ፒኑና ቡሺንጉ ናቸው። እነርሱ ሲያልቁ በፒንና በፒን መካከል ያለው ርቀት ይጨምራል፤ የስፕሮኬቱም ጥርስ አብሮ እየተበላ እንደ መንጠቆ ይጎብጣል። በጎበጠ ጥርስ ላይ የተጫነ አዲስ ሰንሰለት ጫናው በጥቂት ጥርሶች ላይ ስለሚያርፍ ፈጥኖ ያልቃል። ስለዚህ ሦስቱ አብረው ይለወጣሉ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። የመጀመሪያው አኃዝ በፒንና በፒን መካከል ያለውን ርቀት በኢንች ስምንተኛ ይነግረናል፦ 428 አራት ስምንተኛ፣ ማለትም 12.7 ሚሊሜትር ነው፤ 520 እና 530 አምስት ስምንተኛ፣ ማለትም 15.875 ሚሊሜትር ናቸው። የቀሩት ሁለት አኃዞች የውስጥ ስፋትን ያመለክታሉ፦ በ520 6.35፣ በ530 9.53 ሚሊሜትር ያህል ነው። ርቀቱ ቢገጥምም ስፋቱ ካልገጠመ ሰንሰለቱ ወይ አይገባም፣ ወይ ወደ ጎን ይዋልላል።

የጥርስ ብዛትም ምርጫ ነው። ከፊት 15፣ ከኋላ 45 ጥርስ ሲሆን ንጽጽሩ 3 ነው፤ የፊቱ 14 ቢሆን 3.21 ይሆናል። ሞተሩ ለዳገት ይበረታል፤ በሜዳ ግን በተመሳሳይ ፍጥነት ይበልጥ ይሽከረከራል። ወደ እንጦጦ ዕቃ ጭኖ የሚወጣ ሰው ይህን ሒሳብ በእግሩ ሥር ያውቀዋል።

ጃፓንም ሆነች ቻይና በሜትር የሚለኩ አገሮች ናቸው፤ የሚሠሩት ሰንሰለት ግን እስከ ዛሬ የኢንችን ልክ ተሸክሟል። አንድ ልክ በሺህ አውደ ጥናቶች፣ በሺህ መደርደሪያዎች ከተደላደለ በኋላ በአዋጅ ብቻ አይነቀልም። ከመደብሩ ጠረጴዛ ፊት ቆመን «428» ስንል የምንጠራው ይህንን የቆየ ስምምነት ነው። ታሪክን ባለማወቅ የከፈልሁት ዋጋ አንድ ሰንሰለት ነበር፤ በሞተር ሳይክሉ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው ግን የወር እንጀራው ሊሆን ይችላል።