ሴንሰሩ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም

በግንባታ ሥፍራ አንድ ኤክስካቫተር በድንገት ኃይሉ ሲከዳው ታሪኩ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ስክሪኑ ላይ የግፊት ሴንሰር ኮድ ይወጣል። መካኒክ ይጠራል፤ «ሴንሰሩ ሞቷል» ይባላል፤ አዲስ ተገዝቶ ይገጠማል። ኮዱ ግን ተመልሶ ይመጣል። ያኔ ጥርጣሬው ወደ ፓምፑ ይዞራል፤ ፓምፕ ማስፈታት ደግሞ የባለንብረቱን ኪስ ያራግፋል። በመጨረሻ ጥፋተኛው ጭቃና ውሃ የገባበት አንድ ሶኬት ሆኖ ይገኛል።

ይህን በመካኒኩ ስንፍና ብቻ ማሳበብ ይቀላል። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። ሰው በማሽን ሆድ ውስጥ ያለውን ግፊት የሚያውቅበት መንገድ ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ተለውጧል። ለውጡን ያልተረዳ ሰው ሴንሰር ሲቀያይር ይኖራል።

ግፊት በዓይን ሲታይ

አሜሪካዊው ዊሊያም ኦቲስ በእንፋሎት ለሚሠራው የመሬት መቆፈሪያ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። አሜሪካውያን ከ1904 እስከ 1914 የፓናማን ቦይ የቆፈሩት ከዚያው ዘር በመጡ ግዙፍ የእንፋሎት አካፋዎች ነበር። በእነዚያ ማሽኖች ኃይሉን ከሞተሩ ወደ አካፋው የሚያደርሰው ሰንሰለትና የብረት ገመድ ነው። ገመዱ ሲወጠር ኦፕሬተሩ ያያል፤ ሞተሩ ሲያቃስት በጆሮው ይሰማል።

የማይታየው የቦይለሩ ግፊት ነበር። ያ ደግሞ ሲያመልጥ ሰው ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ1849 ፈረንሳዊው ዩጂን ቡርዶን መፍትሔ አመጣ፦ ጎበጥ ያለ ጠፍጣፋ የብረት ቱቦ። ግፊት ሲገባበት ቱቦው ሊቃና ይታገላል፤ ያቺ ትንሽ እንቅስቃሴ የጌጁን ቀስት ታዞራለች። ሽቦ የለውም፣ ኤሌክትሪክም አይፈልግም። ዛሬም በየጋራዡ ያለው ባለ ቀስት ጌጅ በመሠረቱ ያው ነው።

ዘይት ገመዱን ሲተካ

በተዘጋ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚተላለፍ ብሌዝ ፓስካል ያስተማረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ ይህን ዕውቀት በ1795 ወደ ሃይድሮሊክ መጭመቂያ ለወጠው። በቁፋሮ ማሽን ላይ ግን ዘይት ገመዱን በሰፊው የተካው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የፈረንሳዩ ፖክላን በ1951፣ የጀርመኑ ዴማግ በ1954 የሃይድሮሊክ ኤክስካቫተሮቻቸውን አወጡ።

ጉልበቱ እጅግ ጨመረ። በዛሬ መካከለኛ ኤክስካቫተር ዋናው የዘይት ግፊት 350 ባር አካባቢ ይደርሳል፤ ይህ ከመኪና ጎማ አየር ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ነገር ግን ኃይሉ ከዓይን ተሰወረ። ገመድ ሊበጠስ ሲል ይታያል፤ በወፍራም ቱቦ ውስጥ ያለ ዘይት ግን በሙሉ ግፊት ላይም ሆነ በባዶ ቆሞ ከውጭ ሲያዩት አንድ ነው።

ግፊት ወደ ቮልቴጅ ሲተረጎም

እ.ኤ.አ. በ1938 ኤድዋርድ ሲመንስና አርተር ሩጅ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ ሲለጠጥ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው የሚለወጥ ቀጭን ሽቦን መለኪያ አደረጉት። በ1954 ቻርልስ ስሚዝ ሲሊከን ለዚህ ሥራ ከብረት እጅግ የበለጠ ስሜት እንዳለው አሳየ። የዛሬው የግፊት ሴንሰር የእነዚህ ሥራዎች ልጅ ነው። ብዙውን ጊዜ 5 ቮልት ይቀበልና ግፊት ሳይኖር 0.5፣ ከፍተኛው ግፊት ላይ 4.5 ቮልት ይመልሳል። ኮምፒውተሩ ያንን ቁጥር አንብቦ ፓምፑን ያዝዛል።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ግፊት አያይም፤ የሚያየው ቮልቴጅ ነው። በመካከል ሴንሰር፣ ሶኬትና ሜትሮች የሚረዝም ሽቦ አለ። ከእነዚህ አንዱ ሲዋሽ ኮምፒውተሩ ራሱን ለማዳን የፓምፑን ኃይል ሊቀንስ ይችላል። ፓምፑ ደህና ሆኖ ሳለ ማሽኑ የደከመ ይመስላል።

ምስክር እንዴት ይመረመራል?

ጥሩ መካኒክ መጀመሪያ ኮዱ ስለ ምን እንደሚናገር ይለያል። ብዙ ከባድ ማሽኖች በሚጠቀሙበት ጄ1939 በተባለው የመግባቢያ ደንብ 3 ቁጥር ቮልቴጁ ከልክ በላይ ወጣ፣ 4 ቁጥር ደግሞ ከልክ በታች ወረደ ማለት ነው። ሁለቱም ስለ ኤሌክትሪክ እንጂ ስለ ዘይቱ አይናገሩም። 0 ቁጥር ግን መልእክቱ ትክክል ሆኖ ልኬቱ ራሱ ከልክ አለፈ ይላል።

ከዚያ ሶኬቱን ፈቶ ያያል፤ 5 ቮልቱና ግራውንዱ መድረሳቸውን በቴስተር ይለካል። ሞተር ጠፍቶ ግፊቱ ከተለቀቀ በኋላ ሲግናሉ 0.5 አካባቢ መሆኑን ያረጋግጣል። ብዙ ሴንሰሮች በአንድ ጊዜ ኮድ ካወጡ ሁሉም በአንድ ቀን አይሞቱምና የሚጋሩትን 5 ቮልት ይጠረጥራል። ማሽኑ ሁለት አንድ ዓይነት ሴንሰር ካለው ያቀያይራቸዋል፤ ኮዱ ሴንሰሩን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው፤ ባለበት ከቀረ የሽቦው ወይም የዘይቱ መስመር ነው።

በመጨረሻም ያንን የእ.ኤ.አ. 1849 ልጅ፣ ባለ ቀስት ጌጁን፣ መፈተሻው ላይ ገጥሞ ስክሪኑ ከሚለው ጋር ያስተያያል። ሁለቱ ከተስማሙ ሴንሰሩ እውነት ተናግሯል፤ ችግሩን ከሃይድሮሊኩ መፈለግ ነው። መፍታቱና መግጠሙ ሁሉ ግፊቱን በአግባቡ ለቅቆ መሆን አለበት። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባልና ፍሳሽን በእጅ መዳሰስ አይገባም።

አንድ ምስክር ሲታመን

ያልተፈተሸ ሴንሰርን ማመን የሚያስከፍለውን ኢትዮጵያ በመራራ መንገድ ታውቀዋለች። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ የተከሰከሰው ቦይንግ 737 ማክስ 157 ሰዎችን ይዞ ጠፍቷል። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ አውሮፕላን 189 ሰዎች አልቀውበት ነበር። በሁለቱም የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋው ሶፍትዌር የሚሰማው አንድ ሴንሰርን ብቻ ነበር። በኋላ የተደረገው ማሻሻያ ሶፍትዌሩ የሁለት ሴንሰሮችን ቃል እንዲያነጻጽር አስገድዷል። ኤክስካቫተር አውሮፕላን አይደለም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው።

በኪስ በኩልም ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። በግምት የተቀየረ እያንዳንዱ ሴንሰር በዚህ ዋጋ ይከፈላል፤ ከመንገዱና ከሕንፃው ሒሳብም ላይ ይደመራል።

አበው «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ይላሉ። ኮድም ወሬ ነው። ለአንድ ሰዓት ምርመራ መክፈልን እንደ ብክነት የሚቆጥር ባለንብረት የማያስፈልገውን ዕቃ ሲገዛ ይኖራል። ለሠልጣኞቹ ቴስተርና ጌጅ የማያስጨብጥ የሙያ ተቋምም የሚያፈራው ዕቃ ቀያሪ እንጂ መካኒክ አይደለም።