ንግድ ነው ወይስ እርዳታ?

ባለፈው ዓመት በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንዲት የሰፈራችን ልጅ እጇን አወጣች። ከእድሩ ዕቃ ቤት ጎን ያለችው ክፍል ያለ ሥራ ከምትቀመጥ ሥራ ያጡ እናቶች ዳቦ ይጋግሩባት፤ ከሽያጩ ደመወዛቸውን ያግኙ፤ ከትርፉ ግማሹ ሥራውን ያስፋፋ፣ ግማሹ መክፈል ያቃታቸውን አባላት መዋጮ ይሸፍን አለች። «ማህበራዊ ኢንተርፕራይዝ ነው የሚባለው» ብላ ተቀመጠች።

ከፊት የነበሩ አንድ አባት በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው «ልጄ፣ አልገባኝም። ንግድ ነው ወይስ እርዳታ?» አሏት። «ሁለቱንም ነው አባባ» አለች። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ይደበቃል።

ማታ ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ። እኒያ አባት አላዋቂ አይደሉም፤ ያዩትን አይተው ነው የጠየቁት። ደግ ሥራና ንግድ ባንድ ቤት አይኖሩም የሚለው እምነታችን ከየት መጣ ብዬ ወደ ኋላ ስመለስ መጀመሪያ ያገኘሁት የቀበሌውን ሱቅ ነው።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌ መጣ፤ ከቀበሌ ጋር ደግሞ ኅብረት ሱቅ። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ። እናቴ በሌሊት ቀስቅሳ ትልከኛለች፤ ድንጋይ አስቀምጬ ወረፋ እይዛለሁ። ስኳር፣ ሳሙና፣ ጨው። አንዳንዴ ተራዬ ሲደርስ ስኳሩ ያልቃል። «የኅብረተሰቡ ሱቅ ነው» እንባል ነበር፤ ስኳሩ ማን ቤት እንደገባ ግን ሰፈሩ ያውቃል።

የሚገርመው የዚያ ሱቅ የዘር ሐረግ የተከበረ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ 28 ሰዎች፣ ሸማኔዎችና ሌሎች ሠራተኞች፣ አንዳንድ ፓውንድ አዋጥተው ሱቅ ከፈቱ። ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና ሻማ ነበር የሚሸጡት። ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበት ዱቄት፣ ትክክለኛ ሚዛን፣ ለአንድ አባል አንድ ድምፅ። ትርፉ አባሉ በሸመተው ልክ ይመለስለታል። የዓለም ኅብረት ሥራ ማህበራት እንደ አባት የሚቆጥሩት ያንን ሱቅ ነው። ከኛው ጋር ያለው ልዩነት አንድ ነው፤ እነሱ ወደው ገቡ፣ እኛን አስገቡን።

ገጠሩማ የባሰ ነበር። ማልባና ወልባ የሚሉትን ቃላት የዛሬ ልጆች አያውቋቸውም። የገበሬው መሬት፣ ደረጃው ከፍ ሲል ደግሞ በሬውና ማረሻው ሳይቀር የጋራ የሚሆንባቸው የአምራቾች ማህበራት ነበሩ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ ሲያውጅ ገበሬው ሌላ መመሪያ አልጠበቀም፤ አብዛኞቹ ማህበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። በ1991 ዓ.ም. አዲስ የኅብረት ሥራ አዋጅ ወጣ። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን እ.ኤ.አ. በ1999 ተቋቁሞ ቡናውን በቀጥታ ለውጭ ገዢ መሸጥ ጀመረ፤ ከትርፉ ለገበሬው መለሰ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ አሠራ። እንዲያም ሆኖ «ማህበር» ሲባል ኪሱን የሚዳብስ ሰው ዛሬም ሞልቷል። አልፈርድበትም።

ሌላውን ግማሽ ያስተማረን የ77ቱ ረሃብ ነው። ከዚያ ወዲህ እርዳታ ማለት በጆንያ የሚመጣ፣ ዋጋ የማይጠየቅበት፣ ሰጪው የማይታይ ነገር ሆነ። የሚሰጥ አይሸጥም፣ የሚሸጥ አይሰጥም የሚል ሕግ ሳይጻፍ ጸደቀ። ወይዘሮ አበበች ጎበናን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1980 ከግሸን ማርያም ሲመለሱ ሁለት ወላጅ አልባ ሕፃናት ይዘው ቤታቸው ገቡ። ከዚያ የተወለደው ድርጅት ልጅ ከማሳደግ ባሻገር የገቢ ማስገኛ ሥራዎችም ነበሩት። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ «አፍሪካዊቷ ማዘር ቴሬዛ» ስንላቸው ኖርን፤ ሥራ ፈጣሪ ያላቸው ሰው ግን እኔ አልሰማሁም። እናት ሒሳብ አትይዝም ብለን ይሆን?

ሕጉም ከኛ የተሻለ አልነበረም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የንግድ ማህበርን የሚያውቀው ሰዎች ትርፍና ኪሳራ ሊካፈሉ ሲሰባሰቡ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ደግሞ ገቢ ማስገኛ ሥራን ያለ ፈቃድ አያስነካም ነበር። ድርጅቶች ግብራቸውን እየከፈሉ ነግደው ትርፉን ለዓላማቸው እንዲያውሉ በሩን ወለል አድርጎ የከፈተው በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ነው።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። ለመሆኑ የት ተቀምጠን ነው የሳቅነው? እድራችን ድንኳኑን፣ ድስቱንና አግዳሚውን አባል ላልሆነ ሰው ለሰርግ ያከራያል። ኪራዩ ሳጥን ይገባል፤ ሰው ሲሞት ለሟች ቤተሰብ ይወጣል። እና ይሄ ንግድ ነው ወይስ እርዳታ? ጸሐፊያችን በየዓመቱ ሪፖርቱን ሲያነብ «ልዩ ልዩ ገቢ» ይለዋል። አንድም ቀን ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ እኒያ አባትም ጭምር።

ይህን ሁሉ ያሰብኩት ከመሸ ነው። ያን ዕለት የልጅቷ ሐሳብ «ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ» ሲባል እጄን ካወጡት አንዱ እኔ ነበርኩ። የሚቀጥለው ስብሰባ ሲደርስ ልጅቷ አልመጣችም። ሌላ ሰፈር ቤት ተከራይታ ከአራት እናቶች ጋር መጋገር ጀምራለች አሉ። ክፍሏ አሁንም የተሰበሩ አግዳሚ ወንበሮች እንደታጨቁባት ናት።