ከዳሞታ ግርጌ፤ የወላይታ መሬትና የመልክዐ ምድር ትምህርት

የወላይታ አገር በምሥራቅ የብላቴ ወንዝ፣ በደቡብ ምሥራቅ የአባያ ሐይቅ፣ በምዕራብ የኦሞ ወንዝ የሚያዋስኑት ደጋና ወይና ደጋ፣ ዳር ዳሩም ቆላ የኾነ አገር ነው። ከመካከሉ የዳሞታ ተራራ ብቻውን ጐልቶ ይታያል፤ የሶዶ ከተማም ከግርጌው ተቀምጣለች። በ1999 ዓ. ም. በተደረገው ቈጠራ በዚህ አገር 1,501,112 ሰው ተገኝቶበታል። ስፋቱ ከ4,200 ካሬ ኪሎ ሜትር እምብዛም ስለማይርቅ፣ በአንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ350 የሚበልጥ ሰው ይደርሳል ማለት ነው። አብዛኛው በእርሻ የሚኖር ሕዝብ እንዲህ ተጠጋግቶ በአንድ መሬት ላይ እንደ ምን ሊቈይ ቻለ? ይህ ጥያቄ የመልክዐ ምድር ትምህርት ዋና ጥያቄ መኾን ሲገባው፣ ትምህርቱ ወደዚህ ጥያቄ የደረሰው ዘግይቶ ነው።

ገበሬው ራሱ ያለው መልስ ከቤቱ ደጃፍ ይዠምራል። ወላይቶች ቤቱን ተጠግቶ ያለውን ጥቁርና ለም አፈር ዳርኮዋ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን የውጭ ማሳ ደግሞ ሾካ ይሉታል። በዳርኮዋው ላይ እንሰት፣ ጎደሬ፣ ጎመንና ቡና ይበቅላል፤ በሾካው ላይ በቆሎ፣ ጤፍና ስኳር ድንች ይዘራል። ከብቱ ሌሊት ከሰው ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ያድራል፤ ሲነጋ ሴቶችና ልጆች እበቱን እየጠረጉ ወደ እንሰቱ ሥር ያወጡታል፤ የምድጃው አመድም እዚያው ይደፋል። ይህ ሥራ ከዓመት ዓመት ሲደጋገም አፈሩ ይጠቍራል፣ ይወፍራልም። እንግዲህ ዳርኮዋ ከተፈጥሮ የተገኘ የአፈር ዓይነት ሳይኾን የሥራ ውጤት ነው፤ ታሪክ ያለው አፈር ነው ቢባል ማጋነን አይኾንም። ከብት ያጣ ቤተ ሰብ ዳርኮዋውን ቀስ በቀስ ያጣል። ስለዚህም ድኻው የባለ ጠጋውን ላም ተቀብሎ የሚያረባው ለወተቱ ብቻ አይደለም፤ ለእበቱም ጭምር ነው።

ከውጭ የመጡት ሚዛኖች ይህን ለማየት የተሠሩ አልነበሩም። ካዎ ጦና በ1887 ዓ. ም. በዐፄ ምኒልክ ጦር ድል ከኾኑ በኋላ ወላይታ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባች። በደቡብ አገሮች መሬት በቀላድ እየተለካ በጋሻ ይቈጠር ዠመር፤ አንዱ ጋሻ በግምት 40 ሄክታር ነው። በ1937 ዓ. ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅም መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከሦስት ከፈለው። ክፍያውን ለመወሰን ይህ ይበቃ ይኾናል። ነገር ግን ለምና ጠፍ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በሠላሳ እርምጃ ርቀት ጐን ለጐን እንደሚገኙ በጋሻ የሚቈጥር ሰው ሊያይ አይችልም።

ካርታውም ቢኾን ከዚህ አልተሻለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ. ም. ማስተማር ከዠመረ ወዲህ መልክዐ ምድር በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ዘርፍ ኾነ፤ ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ የሚዘጋጁት ካርታዎችም ለተማሪው ታላቅ መሣሪያ ኾኑለት። ዳሩ ግን በ1፡50,000 ካርታ ላይ 30 ሜትር ስፋት ያለው የእንሰት ጓሮ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ወንዙን፣ መንገዱንና ተራራውን ዐውቆ የወጣ ተማሪ፣ ሕዝቡን የሚመግበውን መሬት በካርታው ላይ አላገኘውም ነበር።

በ1962 ዓ. ም. ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር የተቋቋመው፣ በአሕጽሮት «ዋዱ» የተባለው የወላሞ የእርሻ ልማት ድርጅት (ወላሞ የሚለው የዚያን ጊዜ ስም ኋላ ቀርቷል) ይዞት የመጣው ሚዛን ኩንታልና ሄክታር ነው። የተመረጠ የበቆሎ ዘርና ማዳበሪያ በብድር አደለ፤ ከተጨናነቀው ደጋ ሰዎችን ወደ አበላና ወደ በሌ ቆላ አሰፈረ። የሠራው ሥራ የሚናቅ አይደለም፤ መንገድና ገበያ ለብዙ ገበሬ ቀርቦለታል። ይኹን እንጂ ዐይኑ በሾካው ላይ ነበር። የዳርኮዋው ኑሮ በከብቱ፣ የከብቱ ኑሮ በግጦሹ መቆሙን ለማጥናት በዕቅዱ ውስጥ የተተወለት ቦታ ጥቂት ነው።

ይህ ቸልታ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል በረሃብ ዘመን ታየ። ስኳር ድንች በበልግ ወራት፣ በቆሎው ሳይደርስ፣ የሚበላ እህል ነው፤ እርሱ ሲጠፋ ከብትም እንሰትም የሌለው ቤት የሚይዘው የለውም። ዝናቡ ኋላ ቢመጣ እንኳ ምድሩ ለምልሞ ሳለ ሰው ይራባል፤ «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለውም ስለዚህ ነው። የመልክዐ ምድር መምህሩ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም እ. ኤ. አ. በ1984 ባሳተሙት የረሃብ ጥናት ረሃብን በድርቅ ብቻ ማሳበብን ነቅፈው፣ ገበሬውን ለረሃብ ያጋለጠውን የማኅበራዊና የፖለቲካ ሥርዐት መረመሩ። ከዚያ ወዲያ ትምህርቱ ስለ ዝናብ ልክ ብቻ መናገር አልቻለም። በእ. ኤ. አ. 1990ዎቹም እያሱ ኤልያስ በኪንዶ ኮይሻ፣ ዳታ ዴአም በወላይታ የአፈር አያያዝ ላይ ያደረጉት ጥናት ዳርኮዋንና ሾካን ወደ ሊቃውንቱ መጽሔቶች አገባቸው። የአገሩ አፈር በጠቅላላው አለቀ ይባል የነበረው፣ በጓሮው እየተከማቸ በውጭው ማሳ የሚጐድል መኾኑ ተገለጸ። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ መድኀኒቱ የሚታዘዘው በምርመራው ልክ ነውና።

የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርስቲ የተከፈተው በዚያው ቈጠራው በተደረገበት በ1999 ዓ. ም. ነው። በየዩኒቨርስቲው የትምህርቱ ስም «ጂኦግራፊና የአካባቢ ጥናት» እየተባለ ሲለወጥ፣ ለውጡ ከስም ያለፈ ይኾን ወይ ብሎ መጠየቅ የሚገባ ነው። የሶዶ ተማሪ የሚጠይቀውን ከሩቅ መፈለግ አያሻውም። ከከተማይቱ በስተ ደቡብ፣ በሁምቦ፣ ተራቍቶ የነበረ 2,728 ሄክታር ተራራማ መሬት ከግጦሽና ከምሳር ተጠብቆ አገግሟል። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይጠብቁታል፤ እ. ኤ. አ. በ2009 መጨረሻም በዓለም አቀፉ የካርቦን ውል መዝገብ ገብቷል። ዛፉን መልሶ ለማብቀል በብዛት ያገለገለው አዲስ ችግኝ ሳይኾን፣ ሲቈረጥ ኖሮ ከመሬት በታች ሕይወቱ ያልጠፋው የአሮጌው ጉቶ ሥር ነው። ከብቱ ግን ከዚያ ኮረብታ ወርዷል። የሚግጠው ሣር እየታጨደ ወደ ቤት ይመጣለት እንደኾነ፣ ካልመጣለትም የእንሰቱ ጓሮ ፍጉን ከወዴት እንደሚያገኝ፣ ከሶዶ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወርዶ ከቤት ወደ ቤት እየገባ የሚጠይቅ ተማሪ ሊያውቀው የሚችለው ነገር ነው።